የሚታየው ጠጠርና የማይታየው በሽታ

በሚኒያፖሊስ ከተማ ለሕክምና ተቋማት ቅርብ የሆነ ሰፈር ይጠራ ቢባል ሴዳር ሪቨርሳይድ ከፊተኞቹ ይሰለፋል። እ.ኤ.አ. በ1973 ከተከፈቱት፣ አርክቴክቱ ራልፍ ራፕሰን ከነደፋቸው የሪቨርሳይድ ፕላዛ ማማዎች ሥር ተነሥቶ በእግር የሚጓዝ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከ1970 ጀምሮ ሰፈሩን ሲያገለግል የኖረውን የፒፕልስ ሴንተር ክሊኒክ ያገኛል፤ ትንሽ ገፋ ቢል ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በር ላይ ይደርሳል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህም ሆኖ፣ ቀኝ ጎኑን የሚወጋው ወይም «ጉበቴ ሳይቆሽሽ አልቀረም» ብሎ የሚሰጋ ነዋሪ ቀድሞ የሚደርሰው ምክር ከእነዚህ በሮች የሚወጣ ላይሆን ይችላል። ምክሩ በስልክ ይመጣል፤ በራሱ ቋንቋ ይናገረዋል፤ ቀጠሮና ኢንሹራንስ አይጠይቀውም። የሚያዝለትም አንድ ከረጢት ኤፕሰም ጨው፣ ግማሽ ኩባያ የወይራ ዘይትና ጥቂት ግሬፕፍሩት ወይም ሎሚ ነው።

«የጉበትና የሐሞት ከረጢት ማጽዳት» የሚባለው ይህ ልማድ ኢትዮጵያዊ አይደለም። በዛሬው መልኩ የተስፋፋው በሰሜን አሜሪካ ነው፤ እንዲታወቅ ካደረጉት መካከል በ1990ዎቹ በጻፈቻቸው መጻሕፍት ብዙ ተከታይ ያፈራችው ሁልዳ ክላርክ ትገኝበታለች። ነገር ግን ከኢትዮጵያ በመጣ ሰው ጆሮ ሲገባ እንደ ባዕድ ነገር አይሰማም፤ የቆየ ነገር ያስታውሳል። ልማዱን ብርቱ ያደረገው ይህ ትውውቅ ነው፤ የአደጋውም ምንጭ እዚያው ይገኛል። ጨው በራሱ ሊጎዳ ይችላል። ከዚያ የሚከፋው ግን ጉበቱ በጸጥታ የታመመ ሰው «ወጣልኝ» ብሎ ተደስቶ፣ መመርመር የሚገባውን ደሙን ሳያስመረምር ዓመታት ማሳለፉ ነው።

ከሆድ የወጣው ምንድን ነው?

የልማዱ አካሄድ በጥቅሉ አንድ ዓይነት ነው። ሰውየው ከቀትር በኋላ ምግብ ይተዋል፤ ጨዉን በውሃ በጥብጦ በየተወሰነ ሰዓት ይጠጣል፤ ሌሊት ዘይቱን ከጭማቂው ጋር ቀላቅሎ ጨልጦ ይተኛል። በማግሥቱ ጠዋት በተቅማጡ ውስጥ አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ አንዳንዴም አተር አንዳንዴም ባቄላ የሚያህሉ ድብልብሎች ሲንሳፈፉ ያያል። ይቆጥራቸዋል፤ ፎቶ ያነሣቸዋል፤ ለወዳጁም ይልክለታል። ማስረጃው በዓይን የሚታይ በመሆኑ ከዚያ በኋላ የሚመጣ የሐኪም ቃል ሁሉ እንደ ቅናት ይቆጠራል።

እነዚህ ድብልብሎች ምን እንደሆኑ ግን በቤተ ሙከራ ተመርምሮ ታውቋል። በ2005 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የኒውዚላንድ ሐኪሞች ዘገባ የአንዲት የ40 ዓመት ሴት ታሪክ ያቀርባል። ሴትየዋ ቅባት ስትበላ የሚነሣ ኃይለኛ የጎን ሕመም ነበረባት፤ በአልትራሳውንድ ሲታይም በሐሞት ከረጢቷ ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ጠጠሮች ተገኝተዋል። በባህል መድኃኒት አዋቂ ምክር የወይራ ዘይትና የሎሚ ጭማቂ ጠጥታ «ጠጠሮቹን» አስወጣች፤ በማቀዝቀዣ አኑራም ለሐኪሞቿ ይዛ ሄደች። ሲመረመሩ እውነተኛ የሐሞት ጠጠር ሊኖረው ከሚገባው ኮሌስትሮል፣ ቢሊሩቢንና ካልሲየም አንዱም አልተገኘባቸውም፤ 75 በመቶው የቅባት አሲድ ነበር። በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትም በ10 ደቂቃ ውስጥ ቀልጠው ዘይት ሆኑ። ተመራማሪዎቹ የወይራ ዘይትን ዋና አሲድ ከሎሚ ጭማቂ ጋር ቀላቅለው ጥቂት የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውህድ ሲጨምሩበት ተመሳሳይ ድብልብሎች በዓይናቸው ፊት ተሠሩ፤ በአየር ሲደርቁም ጠነከሩ። በአጭሩ ሴትየዋ ያስወጣችው በራሷ አንጀት ውስጥ የተሠራ ሳሙና ነው። እውነተኞቹ ጠጠሮች ከነበሩበት አልተነቃነቁም፤ ኋላ በቀዶ ሕክምና ወጡላት።

የእርሷ ዝግጅት ጨው አልነበረበትም፤ ዘይቱና ጭማቂው ግን በሴዳር ሪቨርሳይድ ኩሽናም ያው ነው። ነገሩን በቀላል ስሌትም ማመዛዘን ይቻላል። ሐሞትን ወደ አንጀት የሚያወርደው ቧንቧ በጤናማ ሰው ስድስት ሚሊሜትር ገደማ ስፋት አለው። ባቄላ የሚያህል እውነተኛ ጠጠር በዚያ ቢያልፍ ባለቤቱ ሌሊቱን ተኝቶ አያድርም፤ በጩኸት ቤተ ሰቡን ይቀሰቅሳል። ያለ ሕመም የሚወጣ ትልቅ ጠጠር፣ ጠጠር ላለመሆኑ ሕመም አልባነቱ ራሱ ምስክር ነው።

እውነተኛ ጠጠር ላለበት ሰው ደግሞ ዘይቱ ከንቱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ቅባት ወደ አንጀት ሲደርስ የሐሞት ከረጢት እንዲጨመቅ የሚያዝ ሆርሞን ይመነጫል፤ ማግኒዚየም ሰልፌትም ይህንኑ ያነሣሣል። በጨለማ የተጨለጠ ግማሽ ኩባያ ዘይት የታመመውን ከረጢት በኃይል እንዲጨመቅ ያደርገዋል። ትንሽ ጠጠር በዚያ ግፊት ከቦታው ተነሥቶ ቧንቧው ላይ ቢሰነቀር የወፍ በሽታን፣ ብርቱ ኢንፌክሽንን ወይም የቆሽት መቆጣትን ሊያስከትል ይችላል። በዚያ ጊዜ ሆስፒታሉ በእግር የሚደረስ መሆኑ ትልቅ ዕድል ይሆናል።

አንድ ጨው፣ ሁለት አልጋ

ኤፕሰም ጨው ስሙን ያገኘው በ17ኛው ክፍለ ዘመን በመራራ ምንጯ ከታወቀችው የእንግሊዟ የኤፕሰም ከተማ ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ኒሂማያ ግሩ በ1695 ስለዚሁ ጨው መጽሐፍ አሳትሟል። የኬሚካል ስሙ ማግኒዚየም ሰልፌት ነው። በዚህ ስሙ የሚያውቁት በኢትዮጵያ ያሉ አዋላጅ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ናቸው፤ በእርግዝና ጊዜ በሚመጣ የደም ግፊት የምትንቀጠቀጥን እናት ከሞት የሚያድነው እርሱ ነውና። በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም ይገኛል።

በማዋለጃ ክፍል ይህ ጨው እንዴት እንደሚሰጥ ማስተዋል ይጠቅማል። መጠኑ በግራም ይለካል። ቀጣዩ መጠን ከመሰጠቱ በፊት ነርሷ የእናቲቱን ትንፋሽ ትቆጥራለች፤ ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ አድርጋ እግሯ መወርወሩን ታያለች፤ በቂ ሽንት መውጣቱን ታረጋግጣለች። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔትም በቅርብ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ ሥርዓት አይደለም። ማግኒዚየም በደም ውስጥ ሲበዛ በመጀመሪያ ጡንቻን ያዝላል፤ ቀጥሎ የደም ግፊትን ያወርዳል፤ ከዚያ ትንፋሽን ያዳክማል፤ በመጨረሻም ልብን ያቆማል። ትርፉን ከሰውነት የሚያስወጣው ኩላሊት ነው፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ይህ በር በከፊል ተዘግቶበታል።

በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ጥቅል ላይ ለሆድ ድርቀት የተፈቀደው መጠን ለአዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ፣ በቀን ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር እንዳይወስደው ጥቅሉ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያው ግን በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነው። በሰፊው የሚሠራበት የ«ማጽዳት» ዝግጅት ደግሞ በአንድ ሌሊትና ጠዋት 4 የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 12 የሻይ ማንኪያ ያህል ያስጠጣል። የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ለዓመታት የቆየባቸው፣ ኩላሊታቸው ምን ያህል እንደደከመ ያልተነገራቸው አባቶችና እናቶች ይህን መጠን ሲወስዱ ጉልበታቸውን በመዶሻ የሚመታ ነርስ አጠገባቸው የለችም።

ጨው ጉበትን ያድሳል ለሚለው እምነት የሕክምና ጽሑፎች ያቆዩት ተቃራኒ ታሪክም አለ። በ2017 ከሕንድ የወጣ ዘገባ የሐሞት ጠጠር ያለበትን የ38 ዓመት ሰው ይጠቅሳል። አልኮል አይጠጣም፤ የስኳር በሽታም የለበትም። ጠጠሩ እንዲሟሟለት የተፈጥሮ ሕክምና ባለሙያ ባዘዘለት መሠረት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ኤፕሰም ጨው ለብ ባለ ውሃ ለ15 ቀን ጠጣ። በ12ኛው ቀን የምግብ ፍላጎቱ ጠፋ፤ ሽንቱ ጠቆረ፤ ሕክምናውን በጨረሰ በሁለተኛው ቀንም ዓይኑ ቢጫ ሆነ። የጉበት ሐኪሞቹ በሽታውን በጨዉ የመጣ ከባድ የጉበት ጉዳት ብለው መዘገቡት። አንድ ታሪክ ሕግ አይሆንም፤ ይሁን እንጂ «ቢጠቅም ይጠቅማል፣ ባይጠቅም አይጎዳም» የሚለውን ማጽናኛ ለማፍረስ አንዱ ይበቃል።

ፍርድ ሚዛናዊ እንዲሆን ደግሞ የሚከተለው ይጨመር። ጤነኛ ሰው በጥቅሉ ላይ በተጻፈው መጠን አንድ ጊዜ ቢወስደው ሆዱን ከማስቀመጥ ያለፈ ነገር ብዙ ጊዜ አያገኘውም። በማግሥቱ የሚሰማው ቅለትም የውሸት አይደለም፤ አንድ ቀን ያልበላ፣ አንጀቱ የተራገፈለት ሰው ቅለት ቢሰማው አያስደንቅም። ስህተቱ ቅለቱን ለጉበት መስጠት ነው። ጉበት እንደ ወንፊት ቆሻሻ እየያዘ የሚደፈን አካል አይደለም፤ መርዝን ለውጦ በሐሞትና በሽንት የሚያስወጣ የማያቋርጥ ሥራ ቤት ነው። ሲታመም የሚታመመው በቫይረስ፣ በአልኮል፣ በስብ፣ በመርዝ ነው፤ ከእነዚህ አንዱንም ጨው አያጥበውም።

ኮሶ ያስተማረው

አንድ የተማረ ሰው ይህን ሁሉ እያነበበ ጨዉን ለምን ይጠጣል? መልሱን በድንቁርና ማሳበብ ቀላል ነው፤ ግን ሐሰት ነው። ኢትዮጵያዊ ሆድን የማጽዳት ልማድ የወረሰው ከሚሠራ መድኃኒት ነው።

ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል የሁሉም እንግዳ ነበር። መድኃኒቱ ስሙን ከበሽታው ጋር የሚጋራው የኮሶ ዛፍ አበባ ነው። አበባው ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ በባዶ ሆድ ይጠጣ ነበር። ምሬቱ ለመራራ ነገር ሁሉ ምሳሌ ሆኖ በአማርኛ ቀርቷል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ለአውሮፓ አስተዋውቋል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም የኮሶ አበባ በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ገብቶ ይሸጥ ነበር። ሰው ኮሶ ጠጣ፤ ዋለ፤ ትሉ ወጣ፤ ታየ፤ ዳነ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ማየት እውነተኛ ማስረጃ ነበር፤ በሽታውና የወጣው ነገር አንድ ነበሩና።

ኤፕሰም ጨው የሚያምነው ሰው ይህንኑ ሰንሰለት ይከተላል፤ የተበጠሰበት ቦታ ግን አይታየውም። መራራ ነገር በባዶ ሆድ መጠጣቱ፣ ቤት መዋሉ፣ የሆድ መራገፉ፣ የወጣውን መመልከቱ ሁሉ ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል፤ የወጣው ነገር ከመድኃኒቱ ራሱ የተሠራ ነው። ትሉ ከኮሶው በፊት በሆድ ውስጥ ነበረ፤ ድብልብሎቹ ግን ከዘይቱ በፊት አልነበሩም።

የኮሶ ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። የሚሠራው መድኃኒት ራሱ መጠኑ ሲያልፍ ይጎዳ ነበር፤ የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት በ1969 ኮሶ ጠጥተው የዓይናቸው ብርሃን የተጎዳባቸውን ሰዎች ጉዳይ አትሟል። የዛሬው ኢትዮጵያዊ ለኮሶ ትል በልክ የተሠራ እንክብል የሚውጠው ቅድመ አያቶቹን ንቆ አይደለም፤ መጠኑ የታወቀ ነገር ስላገኘ ነው። ለጉበትም ተመሳሳይ ሽግግር ያስፈልጋል።

ጸጥ ያለው ጉበት

ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ጉበት ትልቁ ሥጋት ጠጠር አይደለም፤ ሄፓታይተስ ቢ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 ከዚህ ቫይረስ ጋር የሚኖሩ ሰዎች 254 ሚሊዮን ነበሩ፤ ከእነዚህ ውስጥ መያዛቸውን ያወቁት 13 በመቶ፣ መድኃኒት ያገኙት 3 በመቶ ብቻ ናቸው። ቢንና ሲን አንድ ላይ ሲቆጠሩ የዓለምን ሸክም ሁለት ሦስተኛ ከሚሸከሙት ዐሥር አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በ2016 የታተመ፣ በርካታ የኢትዮጵያ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ የሄፓታይተስ ቢ ስርጭትን 7.4 በመቶ አድርሶታል። በሚኒሶታም የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት በሶማሊያ ተወላጆች ዘንድ የቫይረሶቹን መብዛት፣ ሄፓታይተስ ሲም ከጉበት ካንሰር ጋር ያለውን ትስስር አሳይተዋል። የሴዳር ሪቨርሳይድ ጎረቤታሞች በቋንቋ ቢለያዩም በዚህ አንድ ናቸው።

የቫይረሱ ጠባይ ዝምታ ነው። በሕፃንነት የተያዘ ሰው ከ10 አጋጣሚ በ9ኙ ቫይረሱን ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል። ለ20 እና ለ30 ዓመት አያመውም፤ ይሠራል፣ ይነግዳል፣ ልጅ ይወልዳል። ከዚያ ጉበቱ ተኮማትሮ ሆዱ ውሃ ሲቋጥር፣ ወይም ካንሰር ሆኖ ሲገኝ፣ ነገሩ አልፏል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እዚህ ግን የደበቀው ሰውየው አይደለም፤ በሽታው ራሱ ተደብቋል። ይህን ሰው ነው ጨዉ የሚያታልለው። አረንጓዴውን ድብልብል አይቶ «ጉበቴ ጸዳ» ይላል፤ ቫይረሱ ግን በጉበቱ ሕዋሳት ውስጥ እንደተቀመጠ ነው።

በአሜሪካ ያለው የምርመራ ሥርዓትም ቀዳዳ አለበት። በስደተኝነት ተመዝግቦ ለሚመጣ ሰው ሚኒሶታ እንደደረሰ የሚደረግለት የጤና ምርመራ አለ፤ ሄፓታይተስ ቢም ይታይለታል። በዲቪ ወይም በቤተ ሰብ ጥሪ የሚመጣው ግን በዚህ በር አያልፍም። የቪዛው የጤና ምርመራ ሳንባ ነቀርሳንና ቂጥኝን ይፈትሻል፤ ሄፓታይተስ ቢን መመርመር ግን ግዴታ አያደርግም፤ የሚጠይቀው ክትባቱን ነው። አስቀድሞ በቫይረሱ ለተያዘ ሰው ክትባት ምንም አይረዳውም። ወረቀቱ ላይ «ተከትቧል» የሚል ማኅተም ይዞ ሲመጣ ግን እርሱም ሐኪሙም ነገሩ የተዘጋ ይመስላቸዋል። ኢትዮጵያ ክትባቱን በመደበኛው የሕፃናት መርሐ ግብር ያስገባችው በ2007 በመሆኑ ከዚያ በፊት የተወለደ ትውልድ፣ ማለትም ዛሬ በሴዳር ጎዳና ሱቅ የሚነግደውና ታክሲ የሚነዳው ሁሉ፣ በሕፃንነቱ አልተጠበቀም።

ጉበትን በዓይን ማወቅ እንደማይቻል ኢትዮጵያ ራሷ ያየችው አሳዛኝ ምሳሌ አለ። ከ2001 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በሂርሚ ሸለቆ፣ የሰዎች ሆድ እያበጠ የሚገድል ያልታወቀ የጉበት በሽታ ታየ። መንስኤውን ለማግኘት ዓመታት ፈጀ። በ2014 የታተመ ጥናት በሽታውን ከአንድ የአረም ተክል መርዝና ከዲዲቲ ጋር አያያዘው፤ መርዙ እህል ውስጥ ይገባ ነበር። መንደሩ የሚያየው ማሳና እህል ነበር፤ ገዳዩን ያሳየው ቤተ ሙከራ ነው። አረሙም፣ ልብ ይባል፣ ፍጹም ተፈጥሯዊ ነበር።

ተግሣጽ ያልጠቀመበት ሰፈር

አንዳንዶች መፍትሔው ማስጠንቀቂያ ማብዛት ነው ይላሉ። ሚኒያፖሊስ ይህን በሌላ ጉዳይ ፈትናዋለች። በ2008 ገደማ የሶማሊያ ተወላጅ ወላጆች «ልጆቻችን ለምን በኦቲዝም በዙ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው የሚያረካ መልስ ሳያገኝ ሲቆይ የክትባት ተቃዋሚዎች ክፍተቱን ሞሉት። በማኅበረ ሰቡ የሁለት ዓመት ሕፃናት ዘንድ የኩፍኝ ክትባት ሽፋን በ2004 ከነበረበት 92 በመቶ በ2014 ወደ 42 በመቶ ወረደ፤ በ2017 በሚኒሶታ 75 ሰው በኩፍኝ ተያዘ፤ የሚበዙት ያልተከተቡ የሶማሊያ ተወላጅ ልጆች ነበሩ። ወላጆቹ ልጆቻቸውን የማይወዱ አልነበሩም። የጠየቁትን የመለሰላቸው የተሳሳተው ወገን ብቻ ነበር።

የጨዉም ነገር እንዲሁ ነው። ሰው ወደ ጨዉ የሚሄደው ስለ ጉበቱ ስለሚያስብ ነው፤ ይህ አሳቢነት ሊናቅ አይገባም። የሐኪም ቤት ዋጋም ምክንያት ነው። ሚኒሶታ ሕጋዊ ሰነድ ለሌላቸው አዋቂዎች የሚኒሶታኬር ኢንሹራንስን በ2025 መጀመሪያ ከፍታ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዘግታለች፤ ካርዱ ለተነጠቀ ሰው የጨው ከረጢት ብቸኛው የሚገዛው ሕክምና መስሎ ሊታየው ይችላል።

ስለዚህ ሊደረግ የሚገባው በአራት ነገር ይጠቃለላል። የመጀመሪያው በክሊኒኩ ውስጥ ነው፤ በሽተኛ ሲመዘገብ «ሆድዎን ወይም ጉበትዎን ለማጽዳት የሚወስዱት ነገር አለ?» የሚል አንድ ጥያቄ፣ ያለ ፌዝ፣ በአስተርጓሚ ይጠየቅ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በሽተኛው ግን ይህን መብቱን ብዙ ጊዜ አያውቅም። ጥያቄው የኩላሊት ምርመራ ከሚያስፈልገው ሰው ጋርም ያገናኛል።

ሁለተኛው ምርመራው ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2023 ማንኛውም አዋቂ በዕድሜው ቢያንስ አንድ ጊዜ በሦስቱ የደም ምርመራዎች ለሄፓታይተስ ቢ እንዲታይ መክሯል። የክልሉ መንግሥት ለስደተኞች የሚያደርገውን ምርመራ በዲቪና በቤተ ሰብ ጥሪ ለሚመጡትም ቢዘረጋ ቀዳዳው ይጠባል። እስከዚያው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ከጁምዓ በኋላ በመስጊድ ደጃፍ፣ የደም ግፊት እንደሚለካ ሁሉ ይህም ምርመራ ሊቀርብ ይችላል።

ሦስተኛው ኀፍረቱን መቅረፍ ነው። ሰው ውጤቱ ከታወቀ ከማኅበሩ እንዳይገለል ይፈራል። ሄፓታይተስ ቢ ግን በአንድ መሶብ በመብላት፣ በጉርሻ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። የተገኘበት ሰው እንደ ሁኔታው በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል ይሰጠዋል፣ ጉበቱም በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ ይታይለታል፤ ባለቤቱና ልጆቹም ተመርምረው፣ ነጻ የሆኑት ይከተባሉ። የአንድ ሰው ውጤት ለቤተ ሰቡ ሁሉ መጠበቂያ ይሆናል።

አራተኛው ለዓይን በዓይን መመለስ ነው። በሚኒሶታ ያሉ ኢትዮጵያውያን ፋርማሲስቶችና ነርሶች በአማርኛና በኦሮምኛ አጭር ቪዲዮ ሠርተው፣ የላንሴቱ ተመራማሪዎች እንዳደረጉት፣ «ጠጠሩን» በብርጭቆ ውስጥ ሠርተው ቢያሳዩ ከመቶ ማስጠንቀቂያ ይበልጣል። ማየትን የሚያምን ሰው ማየት ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ኮሚቴና በጀት ይፈልግ ይሆናል። ከዚያ በፊት የሚቀድመው ግን በጀት አይጠይቅም። ስለ ጤና ፖሊሲ የሚያነብና የሚከራከር ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ሁሉ እናት አለው፣ ከ2007 በፊት የተወለደ ወንድም ወይም እኅት አለው። ጨው እየጠጡ እንደሆነ መጠየቁ ጠብ ያስነሣ ይሆናል። «እማዬ፣ የጉበት ቫይረስ ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ግን አያጣላም፤ የብዙዎቹም መልስ «አይ፣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» የሚል ይሆናል።